ከሞቱ ስልኮች ወርቅ ላወጣ ስል

የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ የሚከተለውን ስትሰሙ «ሰውዬው ባያውቅ ነው» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። ማወቅ ነበረብኝ። እንጅባራ ከተማ ውስጥ ጠመኔ ይዤ ስለ አሲድና ስለ ብረት ሳወራ ፀጉሬ ሸብቷል። ያጠፋሁት በሌላ ሰው ሙያ ገብቼ፣ ለምሳሌ በግ ሳርድ ወይም ግድግዳ ስለስን ቢሆን ኖሮ እፍረቱ በግማሽ ይቀንስልኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በስልኬ ባየሁት ቪዲዮ ነው። አንድ መነጽር ያደረገ ሰው የተጣሉ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ክምር ፊት ቆሞ፣ ዓለም መዳብና ኮባልት፣ ብርና ወርቅ ፍለጋ ተራራ እየናደ ሳለ ስንቱ የከበረ ነገር ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንደተኛ ያስረዳል። ከአንድ ኩንታል የማዕድን ድንጋይ ይልቅ ከአንድ ኩንታል አሮጌ ስልክ ብዙ ወርቅ ሊወጣ ይችላል አለ። ሰውየው ያለው እውነት ነበር፤ በኋላ ከሚያውቅ ሰው አረጋግጫለሁ። መጨረሻ ላይ ይህ ሥራ በተሟላ ላቦራቶሪና በሠለጠነ ሰው ካልሆነ አደጋ እንዳለው መናገር ሲጀምር ግን እኔ ዘግቼው ወጥቼ ነበር።

በማግስቱ ያየሁትን ለተማሪዎቼ ነገርኩ። ከዚያ ለአስተማሪዎች ነገርኩ። ከዚያ አንድ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ለማላውቃቸው ሰዎች ነገርኩ። መጀመሪያ ላይ «ይወጣል» ነበር የምለው፤ ሠርጉ ላይ ስደርስ «አወጣለሁ» ወደሚለው ተሸጋግሬአለሁ። እንዲህ ካልኩ በኋላ ሰው በመንገድ ባገኘኝ ቁጥር ወርቁ ከምን ደረሰ ይለኝ ጀመር። አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ።

ባለቤቴ ይታይሽ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት። ብዙ አትናገርም። የወርቁን ነገር አንድ ሰዓት ሙሉ ሳወራላት ሰምታኝ ስታበቃ «ቤት ውስጥ እንዳታደርገው» አለችኝ። ቃሌን ጠብቄአለሁ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የጠበቅሁት ቃል እሱ አንዱ ብቻ ስለሆነ ልብ በሉልኝ፤ ያደረግሁት ሁሉ ጓሮ ነው።

ዳንግላ ላይ ስልክ የሚጠግን ሰይድ የሚባል ወዳጅ አለኝ። ከሱቁ ጀርባ ያልዳኑትን ስልኮች የሚጥልበት ማዳበሪያ እንዳለው አውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ ማዳበሪያውን ስጠይቀው ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ሻይ አዘዘልኝ። ዳቦ አስጨመረልኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጤንነቴን፣ የቤተሰቤን ሰላም፣ ደመወዝ በጊዜው ይገባልኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አስተማሪው ቆሻሻ ለቀማ የወረደ መስሎት ነው። ወርቅ ላወጣ ነው ካልኩት ደግሞ ማዳበሪያውን ይከለክለኛል ብዬ ስለፈራሁ ለተማሪዎች ማሳያ እንደምፈልገው ነገርኩት። ሰይድ ፊቱ በራ። ለልጆች ትምህርት ከሆነ ብሎ ማዳበሪያውን በነጻ ሰጠኝ፤ ባለቤታቸው ያልተመለሰላቸውን ጥቂት ስልኮችም ከመደርደሪያው አውርዶ ጨመረልኝ።

እስከ መናኸሪያ በጋሪ ሄድኩ። ባለጋሪው ምን እንደጫንኩ ቢጠይቀኝ ሽንብራ ነው አልኩት። ለምን ሽንብራ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ጋሪው ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ሽንብራው ይንኳኳል። ፈረሱ ሳይቀር ጆሮውን ወደኋላ ቀስሮ ያዳምጣል። ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱም ያንኑ ሲጠይቀኝ ያንኑ መለስኩለት፤ ማዳበሪያውንም እግሬ ሥር አስገባሁት። አጠገቤ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ተቀምጠዋል።

ከዳንግላ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን እግሬ ሥር አውራ ዶሮ ጮኸ።

ጥርት ያለ ጩኸት ነው። ሰው ሁሉ ዞረ። እኔም ከሰው ጋር አብሬ ዞርኩ፤ የኔ እንዳልሆነ ለማስመሰል። ዶሮው ደገመ። እናትየዋ ወደ ማዳበሪያው፣ ከዚያም ወደ እኔ አዩና ማንም እንዳይሰማ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ታፍኖ ሊሞትብህ ነው እኮ፤ አፉን ፈታ አድርግለት» አሉኝ። ሽንብራ ነው እማማ አልኳቸው። ሽንብራው ሦስተኛ ጮኸ። ያን ጊዜ ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ፤ ረዳቱም ለዶሮው አዝኖ ነው መሰለኝ ሳይጠይቀኝ አጎንብሶ የማዳበሪያውን አፍ ፈታው።

ውስጡ ስልክ ብቻ መሆኑ ሲታይ ሳቁ ቆመ። መስታወቷ የተሰነጠቀ አንዲት ስልክ፣ ሰይድ ከመደርደሪያው አውርዶ ከጨመረልኝ አንዷ፣ በተዛባ ሰዓቷ ባለቤቷን ከእንቅልፍ እየቀሰቀሰች ነበር። አሁን ማዳበሪያ ሙሉ ስልክ ይዞ ሽንብራ ነው የሚል ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። እነሱም አሰቡት። እናትየዋ ቦርሳቸውን ወደ ሌላኛው ጎናቸው አዛወሩ።

መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር። ረዳቱ ለፖሊሱ «ሽንብራ ነው ያሉን» ብሎ እቅጩን ነገረው። ወረድኩ። መታወቂያዬን አሳየሁ፤ ከሰይድ እንደተሰጠኝ አስረዳሁ። ሰይድ ጋ ሲደወል ኔትወርክ የለም። ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ እየጠበቀኝ ሳለ፣ ከኋላ ወንበር የነበረ አንድ ሰውዬ እንደሚያውቀኝና ሴት ልጁን ኬሚስትሪ እንደማስተምራት ለሁሉም ተናገረልኝ። ሊረዳኝ ብሎ ነው፤ እግዜር ይስጠው። እኔ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የቀረችኝ መጽናኛ ማንነቴ አለመታወቁ ነበር። በመጨረሻ ሰይድ ተገኘና ስልኮቹ ለተማሪዎች ማሳያ መሆናቸውን አረጋገጠ። ፖሊሱ መታወቂያዬን በሁለት እጁ መለሰልኝ። ለትውልድ ስለምደክም አመሰገነኝ። ከዚያ እስከ እንጅባራ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ሄድኩ።

ሰው በዚህ ይማራል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ይህን ያህል ከተዋረድኩ በኋላ ያለ ወርቅ መቅረት ጭራሽ አይሆንም ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ሳምንት ሙሉ በጉጠት ከቦርዶቹ ላይ ቢጫ ቢጫውን ስቆርጥ ከረምኩ። ከዚያ ከትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ሁለት አሮጌ የአሲድ ጠርሙሶች ወጪ አደረግሁ። ቅጹ ላይ «ለማስተማሪያ» ብዬ ፈረምኩ። የአንደኛው ጠርሙስ ጽሑፍ ይነበባል፤ ናይትሪክ አሲድ ይላል። የሁለተኛው ጽሑፍ ተበልቶ አልቋል። ጠርሙሶቹ በመልክ አንድ ስለሆኑ ውስጣቸውም አንድ ነው አልኩ። ተማሪ ይህን በፈተና ቢጽፍልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ናይትሪክ አሲድ መዳቡንና ሌላውን ብረት ያሟሟል፣ ወርቅን ግን አይነካውም፤ ስለዚህ ሌላው ሲሟሟ ወርቁ ለብቻው ይቀራል። ጓሮ፣ ከቀርከሃው አጥር ሥር፣ ማር ይቀመጥበት የነበረ ትልቅ የመስታወት ዕቃ አስቀምጬ ቁርጥራጩን ጨመርኩ፤ ላዩ ላይ ከመጀመሪያው ጠርሙስ አፈሰስኩበት። ቀይ ቡናማ ጭስ ተነሳ። እያሳለኝ ወደ ቤት ሮጥኩ። ጭሱ ነፋስ እየገፋው በልብስ ማስጫው በኩል ሄደ።

ያን ዕለት ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አንጓች የምትባል ሴት ልብስ ታጥብልናለች። አንጓች ከከተማው ወጣ ብላ የምትኖር፣ ልጆቿን በዚሁ ሥራ የምታሳድግ ናት፤ ሦስት አራት ቤት ታጥባለች። ማታ ይታይሽ ነጭ የሥራ ጋዋኗን ከገመድ ስታወርድ በቢጫ ነጠብጣብ ተሞልቷል። አገላብጣ አየችውና አንጓች በረኪና አብዝታ ይሆናል አለች። እኔ እዚያው አጠገቧ ቆሜአለሁ። ይሆናል አልኩ።

ከሆነው ሁሉ ይህችን ቃል ነው አብዝቼ የማስታውሳት። የኋለኛውን ሁሉ በፍርሃት ነው ያደረግሁት፤ «ይሆናል» ያልኩት ግን ማንም ሳያስፈራራኝ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ዕቃው ውስጥ ያለው ፈሳሽ አረንጓዴ ሆኗል፤ ከሥሩ ጥቂት ቢጫ ቅርፊት ይታያል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ወርቅ ይሁን ሌላ ቢጫ ብረት ግን አላወቅሁም። አሲዱ ቢጨመርበት ይለይለታል ብዬ ከሁለተኛው ጠርሙስ ሞላሁበት። ደግሞም በሳይንስ ማነጻጸሪያ የሚባል ነገር አለ፤ ያልታወቀውን ከታወቀው አጠገብ አስቀምጦ ማየት። በቤታችን የታወቀው ወርቅ አንድ ነው፤ የይታይሽ የጋብቻ ቀለበት። ሥራ ቦታ ጓንት ስለምታጠልቅበት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚውለው። ይታይሽ ሥራ ላይ ነበረች። ቀለበቱን በክር አስሬ ወደ ፈሳሹ አወረድኩት። ወርቅ በአሲድ እንደማይነካ ለስንት ተማሪ አስተምሬአለሁ፤ በደማቅ እንዲያሰምሩበት አድርጌአለሁ።

ወዲያው ስልክ ተደወለልኝ። ጥሊሊ ላይ የአንድ የሥራ ባልደረባዬ አባት አርፈዋል፤ ሚኒባስ ይዘው በር ላይ እየጠበቁኝ ነው። ዕቃውን በጣውላ ከድኜ፣ ቀለበቱን እንደተንጠለጠለ ትቼ ሄድኩ። ለቅሶው ላይ አምሽተን እዚያው አደርን።

እሑድ ከሰዓት ስመለስ ይታይሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። መሳቢያው ወጥቶ መሬት ላይ ነው። ለክርስትና ልትሄድ ቀለበቷን ብትፈልግ አጥታዋለች። ማንንም መጠርጠር እንደማትፈልግ ነገረችኝ። ትናንት ግን ከአንጓች በቀር ቤት የገባ ሰው እንደሌለም ጨምራ ነገረችኝ።

ያን ጊዜ «እኔ ጋ ነው» ብል ኖሮ አንድ ሰዓት ተቆጥታኝ ያበቃ ነበር። እኔ ግን የተሻለ መላ ያገኘሁ መሰለኝ። ቀለበቱን ከጓሮ አውጥቼ፣ አጥቤ፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር «አገኘሁት» እላለሁ። እንዲያውም ጎበዝ እባላለሁ። ቆይ እስቲ ልፈልግ ብያት ወጣሁ።

ጣውላውን አነሳሁ። ከጣውላው ላይ የተንጠለጠለው ክር አጥሯል። ጫፉ ላይ ምንም የለም። ወድቆ ይሆናል ብዬ በቀርከሃ አማሰልኩ። ሥሩ ላይ ከፕላስቲክ ቁርጥራጭ በቀር የሚነካ ነገር የለም። ቢጫው ቅርፊትም የለም። ከቤት የሻይ ማጥለያ ሰርቄ ፈሳሹን ወደ ሌላ ዕቃ ላጠልለው ሞከርኩ፤ የማጥለያው ወንፊት ዓይኔ እያየ ጠቆረና ቀዳዳ ሆነ። አጎንብሼ ፈሳሹን አየሁት። የሚስቴ ቀለበት እዚያ ውስጥ ነው፤ ግን ቀለበት አይደለም።

ወደ ቤት ገብቼ አላገኘሁትም አልኩ። ይህስ እውነት ነበር።

ሰኞ ይታይሽ አንጓችን አስጠራቻት። ልትከሳት ሳይሆን፣ ልብስ ልታነሳ ስትገባ አይታው እንደሆነ ልትጠይቃት ነው። ድምፅዋን አለስልሳ ጠየቀቻት። እኔ ጓዳ ሆኜ የፈተና ወረቀት አርማለሁ፤ በሩ ገርበብ ያለ ነው። አንጓች ዘንቢሏን ከትከሻዋ አወረደች። ከዚያ ወለሉ ላይ ገልብጣ ያለውን ዘረገፈች፤ የሳሙና ቁራጭ፣ ማበጠሪያ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ። አንድ በአንድ መልሳ ከተተችና ወጣች። ይታይሽ እየጠራቻት እስከ አጥሩ ተከተለቻት፤ ጎረቤትም ወጥቶ አየ። እኔ ቀይ እስክሪብቶ እንደያዝኩ ነኝ። ያን ዕለት ያረምኩትን ወረቀት በኋላ ሳየው ትክክሉን ሁሉ ስህተት ብዬዋለሁ።

ማክሰኞ ፈሳሹን አሽጌ፣ ባልዲ ውስጥ አድርጌ፣ በባጃጅ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ። እዚያ ኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ውስጥ የኔዓለም የምትባል የቀድሞ ተማሪዬ ትሠራለች። ስታየኝ ከመቀመጫዋ ተነስታ ወንበሯን ሰጠችኝ። ባልዲውን አሳየኋት፤ ጠርሙሶቹን ነገርኳት። ቀለበቱን ስነግራት ሁለተኛው ጠርሙስ ጽሑፍ እንደነበረው ጠየቀችኝ። የለውም አልኩ።

«ቲቸር፣ ሃይድሮክሎሪክ ነበር ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሁለቱ ለየብቻ ወርቅን አይነኩትም። ሲደባለቁ ያሟሙታል።»

ይህን ስትል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ተማሪዬ ሳለች እጇን አውጥታ፣ ሁለት አሲዶች ቢደባለቁስ ወርቁ ምን ይሆናል ብላ ጠይቃኝ ነበር። ፈተና ላይ አይመጣም ብያት አስቀመጥኳት። መልሱን ስለማላውቅ ነበር። እሷ ትዝ ይበላት አይበላት አላውቅም፤ ፊቷ ላይ ምንም አላየሁም። ጓንት አድርጌ እንደነበር፣ ጭሱን ስቤው እንደሆነ፣ ደረቴን ያመኝ እንደሆነ ብቻ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀለበቱ እንዳልጠፋ ነገረችኝ። ወርቁ ፈሳሹ ውስጥ ስላለ፣ ትክክለኛው ነገር ሲጨመርበት ተመልሶ ይወርዳል። ደግሞም የጀመርኩት ሥራ በራሱ የሚያሳፍር አይደለም፤ እሷም ከተማሪዎቿ ጋር ከአሮጌ ቦርድ መዳብና ቆርቆሮ፣ ከባትሪ ኮባልት ለመለየት ይሞክራሉ፤ ግን ጭሱን የሚስብ ማሽን ሥር፣ ጓንትና መነጽር አድርገው፣ የሚተርፈውንም መርዝ መሬት ላይ ሳይደፉ። የቀረውን ማዳበሪያ ለተማሪዎቿ እንዳመጣላት ጠየቀችኝ። ሐሙስ እንድመለስ ነገረችኝ።

ሐሙስ ከሰዓት አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ሰጠችኝ። ከሥሯ የቡና አተላ የመሰለ ቡናማ ዱቄት አለ። ይኼ ምንድን ነው ብላት ወርቁ ነው አለችኝ፤ ሲቀልጥ መልኩ ይመለሳል። ከስልኮቹ ስንቱ እንደመጣ ጠየቅኋት። እንዳላዝን ብላ ነው መሰለኝ ትንሽ ሳይኖርበት አይቀርም አለችኝ።

ብልቃጧን ኪሴ ከትቼ ልወጣ ስል በአእምሮዬ ዳንግላ ደርሻለሁ። አንጥረኛ ያቀልጠዋል፣ ቀለበት ይሆናል፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር ይገኛል። ማንም አያውቅም። የኔዓለም እስከ በሩ እየሸኘችኝ ለእትዬ ይታይሽ ሰላምታ እንዳደርስላት አዘዘችኝ። ከዚያ ስለ እናቷ እያወራችልኝ ነበር፤ እናቷ ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ልብስ የምታጥብላቸው አንጓች የምትባል ሴት ነበረቻቸው፣ ሰሞኑን ግን አንድ ቤት ቀለበት አንስታለች ስለተባለ አስቀርተዋታል፣ አሁን...

እዚህ ላይ ንግግሯን አቆመች። ኪሴን አየች። ከዚያ ፊቴን አየች።

«ቲቸር» አለች።

ከዩኒቨርሲቲው እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ይታይሽ ከሥራ ገብታ ነበር። ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ከቪዲዮው እስከ ክሩ ድረስ ሁሉንም ነገርኳት። ጋዋኑንም ነገርኳት። ስለ ቀለበቱ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ብልቃጧን አልነካቻትም። እኔን ሳታየኝ «በእኔ አፍ ነው ሰው ሌባ ያስባልከው» አለችና ነጠላዋን አነሳች። የት ልትሄድ ነው አላልኩም፤ ጫማዬን አደረግሁ።

ባጃጁ አስፋልቱ እስካለቀበት አደረሰን፤ የቀረውን በእግር ሄድን። ይታይሽ የአዘና ልጅ ስለሆነች አዊኛ ታውቃለች። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ ከሰላምታ አላልፍም። አንጓች ደጃፏ ላይ እንጨት ትሰብራለች። ስታየን መጥረቢያውን አስቀመጠች፤ ግቡ አላለችም። ይታይሽ በአዊኛ አንድ ነገር ተናገረቻት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ቀሪውን ራሴ እንድናገር አዘዘችኝ።

ሁልጊዜ «አንቺ» ነበር የምላት። ያን ዕለት ሳላስበው «እርስዎ» አልኳት። ቀለበቱን የወሰድኩት እኔ መሆኔን፣ አሲድ ውስጥ ከትቼ እንዳሟሟሁት፣ ጋዋኑንም ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። አንጓች እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ሰኞ እኔ ስጠየቅ የት ነበሩ?» አለችኝ።

«ጓዳ» አልኩ።

«ይሰሙ ነበር?»

«እሰማ ነበር።»

ጎንበስ ብላ የሰበረችውን እንጨት መሰብሰብ ጀመረች። እየሰበሰበች፣ ይቅርታውን እዚህ ደጃፍ ላይ ብናገረው ምን እንደሚጠቅማት ጠየቀችኝ። ወሬው እዚህ አልቀረም፤ ሰፈራችን ሰምቷል፣ የምታጥብባቸው ቤቶች ሰምተዋል። ሌባ የተባለችው በሰው ፊት ነው። ይታይሽ በራሷ በኩል ይቅርታ ልትጠይቃት ስትጠጋ እሷን እጇን ያዘቻት። የኔን አልያዘችም።

እሑድ የሰፈራችን እድር ስብሰባ ነበር። ሰብሳቢውን አስፈቅጄ ተነሳሁ። ይታይሽ ዞራ ስለነገረቻቸው አንጓች የምታጥብላቸው ሴቶች ሁሉ መጥተዋል፤ የየኔዓለም እናትም አሉ። አንጓች በሩ አጠገብ ቆማለች። አርባ ደቂቃ ያለ ወረቀት የማስተምር ሰው፣ ያን ዕለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ተሰናከልኩ።

«ቀለበቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ አሲድ ውስጥ አሟሟሁት» አልኩ። «አንጓች ስትጠረጠር እየሰማሁ ዝም አልኩ።»

ከዚያ አንዱ ወርቅ ይሟሟል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሌላው ስልኮቹ ውስጥ በእርግጥ ወርቅ አለ ወይ አለ። ሌላው እዚያ ሚኒባስ ውስጥ ኖሮ የሽንብራውን ነገር አነሳ። ሳቁ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደ። እኔም ላብ በላብ ሆኜ ስለ ሁለቱ ጠርሙሶች አስረዳሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ በጥሞና የሰማኝ ክፍል የለም። በሳቁ መካከል ወደ በሩ ሳይ አንጓች አልሳቀችም። የሚያስፈልጋትን ሰምታ ነበርና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

የቀረውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ማዳበሪያውን ለየኔዓለም አስረከብኳት። ባዶዎቹን ጠርሙሶች ለንብረት ክፍሉ ስመልስ ለምን እንደዋሉ እውነተኛውን ጽፌ፣ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠርቼ የሚገባኝን ተቀብያለሁ። ለሰይድም ደውዬ ለተማሪ ማሳያ ያልኩት ውሸት እንደነበር ነገርኩት፤ እንደምንም ሳቁን ውጦ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ። የዳንግላው አንጥረኛ ዱቄቱን አቅልጦ ቀለበት ሠራበት፤ ከድሮው ቀጠን ያለ ነው። ይታይሽ ለጥቂት ወራት መሳቢያ ውስጥ ተወችው፤ አሁን እሑድ እሑድ ታደርገዋለች። ከቀርከሃው ሥር፣ ሳጠልል ፈሳሽ የተንጠባጠበበት ቦታ እስካሁን ሣር አያበቅልም።

አንጓች ያቋረጧት ቤቶች መልሰዋታል። እኛ ቤት ግን አልተመለሰችም። ይታይሽ ሁለት ጊዜ ሄዳ ለመነቻት፤ ሁለቱንም ጊዜ በጥሩ ቃል ሸኘቻት። ሌላ ሰው እንፈልግ ብዬ አንድ ቀን ብናገር ይታይሽ መጀመሪያ ሳፋውን፣ ከዚያ እኔን አየች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የቤቱን ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ። አጥሩ ዝቅተኛ ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ያየኛል። ጨዋው ሰላምታ ይሰጠኛል፤ ሌላው ሽንብራ ስንት ገባ ይለኛል።

አንጓችም ወደ የኔዓለም እናት ቤት ስትሄድ በደጃችን ነው የምታልፈው። ወራት ሙሉ ፊቷን ሳታዞር አለፈች። ባለፈው ቅዳሜ ግን እርምጃዋ አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቀና ስል ሳፋውን እያየች ነው። የይታይሽን አዲሱን ጋዋን ከኔ ሰማያዊ ሱሪ ጋር አንድ ላይ ዘፍዝፌዋለሁ።

«ነጩን ለብቻ ይዘፍዝፉት፤ ቀለሙ ይነካዋል» አለችኝና መንገዷን ቀጠለች።

ሌላ ሳፋ ከቤት አመጣሁ። ጋዋኑን አውጥቼ ለብቻው ዘፈዘፍኩት።